ከቀብርሽ ላይ የምነቅላት አተር

ሰዓዳዬ፣ የሆዴ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኩም። ባለሽበት አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። የፊተኞቹ ሁለቱ እንዴት እንዳለፉ ብትጠይቂኝ አላውቅም፤ ዘነበ፣ አባራ፣ ያ ብቻ ነው። የዘንድሮውን ግን ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሬ እያየሁት ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

እኔ እንደምታውቂው ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። እጄ ከብዕር ይልቅ ከመኮትኮቻ ጋር ይግባባል። አንድ መስመር እጽፍና ተነስቼ ድስቱን አማስላለሁ፣ ጥጃውን አስራለሁ፣ ተመልሼ ምን ልል እንደነበር እፈልጋለሁ። ቢቆራረጥብሽ ታገሺኝ። ሌላ ሰው አግኝቶ ቢያነበውም አልከፋም፤ ከመንደሩ የምደብቀው ነገር የለም።

የምጽፍልሽ ናፍቆቴን ልነግርሽ አይደለም። እሱንማ ታውቂዋለሽ። ላስፈቅድሽ ነው። ቀብርሽ ላይ፣ በራስጌሽ በኩል፣ አንዲት የላም አተር አለች። ዘሯን እዚያ የጣልኩት እኔው ነኝ። አሁን አብባለች። ታማለችም። መነቀል አለባት፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ይህን ብዬ ደግሞ ፈራሁ። መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ።

ወንድምሽ ይመር ውጫሌ ባጃጅ ይነዳል። መንገዱ ሲከፈት ይሠራል፣ ሲዘጋ እቤት ቁጭ ብሎ ጎማ ይነካካል። አግብቷል። ሚስቱ ጨዋ ልጅ ናት፤ ዝምታዋ ብቻ አንዳንዴ ያስጨንቀኛል። ሴት ልጅ ወልደዋል። ስምሽን ሊያወጡላት ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዓዳ ብዬ ተጣርቼ ሌላ ልጅ ዞራ ብታየኝ የምችለው አልመሰለኝም። ሀያት አሏት። አሁን ሳስበው ያም ስስት ነው፤ ስምሽን እንኳ ለሰው አላካፍል ብዬ ያዝኩት።

በጦርነቱ ሰሞን የተበሳሳው የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀይሯል። የዝናቡ ድምፅ አሁን ሌላ ነው፤ ገና አልለመድኩትም። ዳልቻዋ ላም ከአንቺ በኋላ ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ከጓሮ የተከልሻት ፓፓያ ወንድ ሆና ቀረች፤ ይመር ልቁረጣት ቢል ከለከልኩት። አየሽ፣ አሁንም ያው ነኝ።

አተሩን ያመጣሽበትን ዓመት አስታውሳለሁ። ሰው ሁሉ ስለ ለውጥ ማውራቱን ገና ያልተወበት ጊዜ ነበር። ወጣቱ ሁሉ አንድ ነገር ሊጀምር ይሮጥ ነበር። አንቺም ሐይቅ አክስትሽ ቤት ሰንብተሽ፣ የገበሬ ማሠልጠኛው ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ተምረሽ፣ በወተት ቆርቆሮ ዘር ይዘሽ መጣሽ። እኔ ሥራ ይዛ ትመጣለች ስል አንቺ አተር ይዘሽ መጣሽ። መዳፌ ላይ ስትዘረግፊልኝ ነጭ ፊቷንና ጥቁር ዓይኗን አየሁና፣ "ይቺማ ተኳለች!" አልኩሽ። የላም አተር ናት ብለሽ ብትደጋግሚም ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሟ "የተኳለችው" ሆኖ ቀረ።

ያንን ቆላ ቆላ የሚለውን የታችኛውን ማሳ፣ አባትሽ ካለፈ ጀምሮ ለሰው የሰጠነውን፣ አስመልሰሽ ራስሽ ገባሽበት። መሬቱ ገና እንደራሰ፣ ሰው ሁሉ ዝናቡ ይጥና ሲል፣ አንቺ ዘራሽ። "ክሽክሽ የሚበዛው ቆይቶ ነው፤ እሱ እስኪመጣ እሷ ታድጋለች" አልሽኝ። ክሽክሽ ማለት ያቺ ከቅጠል ሥር የምትጠጋ፣ መርፌ አናት የማታክል ነፍሳት ናት፤ ለካ በሽታውን ከአንዷ ተክል ወደ ሌላዋ የምታዛምተው እሷ ኖራለች። ዙሪያውን ማሽላ ዘራሽበት። አጥር መስሎኝ ነበር። "ክሽክሹ መጀመሪያ ማሽላው ላይ ያርፋል፣ አፉን እዚያ ይጠራርጋል፣ ለአተሯ የሚተርፋት በሽታ ያንሳል" ስትይኝ ሳቅኩ። ነፍሳት አፏን ስትጠርግ ታየኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉንም ወደድኩልሽ። ያልወደድኩት መንቀሉን ነው።

በየማለዳው ትወርጂና በተርታው መሀል ጎንበስ ብለሽ ትሄጃለሽ። ቅጠሏ ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ፣ ጠርዟ የተጨማደደ፣ ከእኩዮቿ ያጠረች ካገኘሽ ሳታመነቺ ከሥሯ ትመዢያታለሽ። "ቫይረስ ነው፣ የሚረጭ መድኃኒት የለውም፤ አንዷን ቶሎ ካላነሳሽ ጎረቤቶቿን ይዛ ትሞታለች" አልሽ። ያ ደግሞ የኮሮና ክረምት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከመንገድ ላይ ቆማ ሰማችሽና፣ "እንግዲያማ ማስክ አድርጊላቸዋ! ራቅ ራቅ ብላችሁ ብቀሉ በያቸው!" አለች። አንቺም ቀና ሳትይ፣ "እትዬ አስካለ፣ እነሱ የሚድኑት ተጠጋግተው ነው። መሬቱን ቶሎ ሲሸፍኑት ክሽክሹ ማረፊያ ያጣል" አልሻት። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ስትስቅ እስከ ቤት ተሰማኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። እናቴ፣ አያትሽ፣ ያበበ ነገር አይነቀልም ትል ነበር። አበባ የያዘን መንቀል ነፍሰ ጡር ገፍቶ እንደ መጣል ነው፣ ግፍ ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። አንቺ የነቀልሻቸውን ለላሟ ብለሽ ከማሳው ዳር ትከምሪያቸዋለሽ። እኔ ደግሞ ጭድ ላመጣ ወርጄ አያቸዋለሁ። አንዳንዷ ሥሯ ገና አፈር እንደያዘ ነው። አንዳንዷ እንቡጥ አላት። ደህና ደህናዋን መርጬ በሻሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከቤቱ ጀርባ፣ አመድ ከምንደፋበት አጠገብ፣ አፈሩን ለስለስ አድርጌ መልሼ ተከልኳቸው። ከውዱእ የተረፈውን ውሃ አጠጣኋቸው። አመድ ነሰነስኩላቸው። ይሻላቸዋል አልኩ። በየቀኑ ሁለት ሦስት እየጨመርኩ አንድ መደብ ሞላሁ። የተወሰኑት ጠወለጉ፤ የቀሩት ግን ቀና አሉ። እንደተዥጎረጎሩ አበቡልኝ። ሰዓዳ አላየችም እንጂ ብታይ ታፍር ነበር እያልኩ በልቤ ኮራሁ።

አንቺ ደግሞ ግራ ገብቶሽ ነበር። በቤቱ በኩል ያለው የማሳው ጎን ብትነቅዪ ብትነቅዪ አላልቅ አለ። ዛሬ አጽድተሽ ትወጫለሽ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ቢጫ ታገኛለሽ። አንድ ቀን የላሟ ገመድ ተፈትቶ ልትፈልጊያት ወደ ጓሮ ዞርሽና መደቡን አየሽው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። የምትጮኺ መስሎኝ ተሸማቀቅኩ። አልጮህሽም። "እማ፣ እኔ በሽታውን ሳባርር አንቺ ጎጆ ሠራሽለት?" አልሽኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ሳቅሽ። ሲስቁ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ፤ እንዲያ ያለ ሳቅ ነበር። ይመር መጥቶ አየና "የእማ ሆስፒታል" አለው። ስሙ እስከ ዛሬ እሱ ነው።

አንድ በአንድ ነቀልሻቸው። እንባዬ ሲመጣ አይተሽ የመጨረሻዋ ላይ እጅሽ ቆመ። አንዷን ተይልኝ አልኩሽ። አየሽኝ። ተውሽልኝ። እንደማይሆን እያወቅሽ ለእኔ ስትይ አንዷን ተውሽ። ያን ዓመት የቤቱን ወገን ማሳ ሙሉ በሙሉ አጣሽው፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። ብትቆጪኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

በተረፈው ወገን የአባትሽን አሮጌ ቀይ ሽርጥ በቀጭን በቀጭኑ ቀደሽ፣ ቅጠላቸው ጥርት ያለ፣ ፍሬያቸው የሞላ አተሮች ላይ አሰርሽ። በሽታው ከዘሩ ጋር ይወለዳልና ለዘር የሚቀመጠው ከእነሱ ብቻ ነው ብለሽ። ሌላው ይበላል፤ በልቶ የታመመ የለም። "የታሰረችው አትበላም" የሚለው የቤት ሕግ ሆነ። ሽሮ ቢያልቅ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ የታሰረችው አትነካም። ከዚያው ዘር በወተት ቆርቆሮው ለሐይቅ አክስትሽም ወሰድሽላት።

በተከታዩ ክረምት ማሳው እንዴት ያምር እንደነበር አንቺው ታውቂያለሽ። እኔም አንድ አልተከልኩም። ቅጠሉ እንደ ተወለወለ ያበራ ነበር። በየቦታው ቀይ ቁራጭ ይውለበለባል። አስካለ እንኳ፣ "ምነው፣ ሰርግ አለ እንዴ እዚህ ማሳ?" ብላ ዘር አስቀምጪልኝ አለችሽ።

ከዚያ የጦርነቱ ድምፅ ከሰሜን በኩል መጣ።

ሰዓዳ፣ ይህን መጻፍ ነው ያስፈራኝ። መንደሩ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወዲያ እየተሰደደ ነበር። ይመር ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። አስካለ ልጆቿን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። "ዘይነብ፣ ተነሺ እንጂ! አተር ትጠብቂያለሽ እንዴ?" አለችኝ። ፍሬው ገና እየደረቀ ነበር። ጥቂት ቀን ቢያገኝ ይደርሳል አልኳት። አላህ ያውቃል፣ አንቺ የለፋሽበትን ጥዬ መሄድ ከበደኝ። የላሟም ነገር ነበር፣ የቤቱም ነገር ነበር፤ ግን ዋናው እኔ ከያዝኩት ነገር ላይ እጄን ማንሳት የማልችል ሰው መሆኔ ነው። አንቺ መሄድ ትችዪ ነበር። ይመር ጎትቶሽ ነበር። "እማን ጥዬማ አልሄድም፤ አብሽር፣ እንከተላችኋለን" አልሽው። መንገዱ ተዘጋ። አልተከተልንም።

ትኩሳቱ የያዘሽ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ነጭ ሽንኩርት ሰጠሁሽ፣ ጤና አዳም ሰጠሁሽ፣ ግንባርሽን አረጠብኩ። ይሻልሻል አልኩሽ። በማግስቱም ይሻልሻል። ውጫሌ ጤና ጣቢያ ተዘርፏል ይባል ነበር፤ ከጤና ጣቢያው ሌላ ወዴት እንደሚወሰድ አላውቅም፤ መንገዱም የሚያስፈራ ነው። ግን ፈርቼ ብቻ አይደለም የቆየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሻላታል የሚለውን አምኜው ነበር። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ልብ፣ ለቢጫዎቹ ቅጠሎችም ብዬው ነበር። ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት አመድ፣ ጥቂት እንባ፤ ከዚያ ይሻላታል።

ተኝተሽ እያለሽ አንድ ነገር አዘዝሽኝ። "እማ፣ የታሰሩትን ለይተሽ ልቀሚ" አልሽኝ። ወረድኩ። ከላይ በኩል መኪና ይሰማል፣ የማላውቃቸው ሰዎች በማሳው ጫፍ ያልፋሉ። ቸኮልኩ። የታሰረውንም ያልታሰረውንም፣ ከቤቱ ጀርባ ከተውሽልኝ ካንዷ የተረፈው ፍሬ ራሱን ዘርቶ የበቀለውንም፣ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ለቅሜ ገባሁ። ጆንያውን ከአልጋሽ ሥር ስከት አየሽው። ቀያዩ ቁራጭ ከአተሩ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። አየሽ፤ ዓይንሽን ጨፈንሽ። 

በቃሬዛ ያወጡሽ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ በመንደሩ ጎበዝ ወጣት አልቀረም ነበር። ጤና ጣቢያው በሩ ክፍት ነበር፣ መደርደሪያው ባዶ። አንድም ሰው የለም። መልሰን ስንወስድሽ እጄን ያዝሽና "አብሽሪ እማ" አልሽኝ። ቤት ሳንደርስ እጅሽ ቀዘቀዘ። ቀብርሽን በእርሻ ዶማው የቆፈረው አባ እንድሪስ ነው፤ ያ ማሳው ከመቃብሩ ጋር የሚዋሰነው ሽማግሌ። ብቻውን ቆፈረ ብል ማጋነን አይደለም።

ሰው ሲመለስ ቤቱ ተራቁቶ ነበር። ሌማት የለ፣ ጎታ የለ፣ ዘር የለ። እኔ ጋ ጆንያው አለ። በእኛ አገር ዘር ለጠየቀ እምቢ እንደማይባል ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ ሳይጠይቁኝም ሰጠሁ። ሰደቃ ነው አልኩ፤ አጅሩ ለሰዓዳ ይድረስ አልኩ። ለአስካለ ሰጠሁ፣ ለአባ እንድሪስ ሰጠሁ፣ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር በጣሳ እየሰፈርኩ በስምሽ ሰጠሁ። የመጨረሻዋን እፍኝ ቀብርሽ ላይ በተንኳት፤ ወፍ ይብላላት፣ እርጥብ ነገር ይብቀልላት ብዬ። እርጥብ ነገር ለሟች ተስቢህ ያደርጋል፣ አላህን ያወድስለታል ይባላል።

በቀጣዩ ክረምት አገሩ ሁሉ ተዥጎረጎረ። የባሩድ ጢስ ነው አሉ። አየሩ ተበላሽቷል አሉ። የከርሞው ደግሞ ባሰ። አንድ ቀን አስካለ ማሳ አረም ልንነቅል በወንፈል ወጣን። ጎንበስ ስል ያቺን ቅጠል አየኋት፤ ጠርዟ የተጨማደደ፣ ቢጫዋ በአረንጓዴው ውስጥ የፈሰሰ። የእኔ ሆስፒታል እንዳለ ወደ አስካለ ማሳ ሄዶ ነው ያገኘሁት። ቀና ብዬ ዙሪያውን ሳይ የሁሉም እንዲሁ ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ አመማት ብለው ከበቡኝ። ነገርኳቸው። ከዘሩ ነው፣ ዘሩም የእኔ ነው፣ ልጄ ለዪ ብላኝ ሳልለይ ነው የሰጠኋችሁ አልኳቸው።  መጀመሪያ የተናገረችው አስካለ ናት። "እና ኮሮናውን በሰደቃ በላነው በያ!" አለች። ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ዞራ እንባዋን ጠረገች። ሰዓዳ፣ ይቺን ሴት እዚያ ሆነሽ ዱዓ አድርጊላት።

አክስትሽ ከሐይቅ የመጣችው ዘንድሮ በጋ ነው። ያቺን የወተት ቆርቆሮ ይዛ። ዘሩ ከአመድ ጋር ተለውሶ፣ የቆርቆሮው አፍ በቀይ ሽርጥ ቁራጭ ታስሮ። ያ ሁሉ ችግር አልፎ፣ ዓሣም ጠፍቶ ሐይቁን ከዳር ቆመው ሲያዩት በከረሙበት ሰሞን፣ ልጆቿ ሲርባቸው እንኳ አልነካችውም። "የታሰረችው አትበላም ብላኝ ነበር" አለች። ሌላ ምንም አላወቀችም። ቆርቆሮውን ታቅፌ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ዘሩን ለሦስት ቤት ተካፈልነው፤ እኔ፣ አስካለ፣ አባ እንድሪስ። በፊተኛው ዝናብ ዘራን። ማሽላ በዙሪያው። ግማሹ ሳይበቅል ቀረ፤ ነቀዝም እርጅናም ነበረበት። የበቀለው ግን ያንቺው ነው። ከአሮጌው ዘር ወድቆ በየቦታው ራሱን የዘራውን ሁሉ ነቀልን። እኔም ነቀልኩ። ከሆስፒታሉ መደብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ስነቅል ቢስሚላህ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን ዓይኔን ከፍቼ ነው። አባ እንድሪስ ይነቀል ሲባል ሳይከራከር ከአሮጌው ዘር የበቀለበትን የማሳውን ሲሶ መዝምዞ ለከብቱ ሰጠ።

አሁን ንጹሕ ነው። የአባ እንድሪስ ማሳ ዳር ብቻ፣ በመቃብሩ በኩል፣ በየጊዜው አንድ ሁለት ቢጫ ይወጣል። በማለዳ ወርዶ ነቅሎ ይሄዳል። ለማንም አይናገርም። ባለፈው መንገድ ላይ አግኝቼው አተሩ እንዴት ነው ብለው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው፤ ትንሽ ከዳር ከዳር..." አለና ዋጠው። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኔም ዓይኔን ጣልኩ። ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። አስካለም ታውቃለች። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ከልጅሽ ቀብር ላይ ያለውን ንቀይ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። ዘሩን ያጣሉ እንጂ አይናገሩኝም። ያቺ የዘራኋት አተር በየዓመቱ ፍሬዋን እዚያው እያራገፈች፣ ራሷን እየተካች፣ ይኸው ዘንድሮም አብባ ቆማለች።

አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ከነቀልኳት ተስቢህ የሚያደርግልሽን እርጥብ ነገር በገዛ እጄ ልወስድብሽ ነው። ከተውኳት ደግሞ ያቺ የቆርቆሮ ዘር፣ ከእጅሽ የቀረው የመጨረሻው ነገር፣ በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ትጠፋለች። አንዷን ተይልኝ ብዬሽ ነበር። አሁንም አንዷን ተይልኝ ልልሽ ነው እንዴ?

እዚህ ላይ ትናንት አቁሜ ነበር። ዛሬ ሄጄ መጣሁ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ለስልሷል። ከጓሮ አንድ ትንሽ እሬት ነቅዬ ይዤ ወረድኩ። እሬት በቀብር ላይ ነባር ነው፤ በደረቅ ወር እንኳ እርጥብ ነው፣ ክሽክሹም አይመኘውም። አባ እንድሪስ ማሳው ውስጥ ነበር። ሲያየኝ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽላውን የሚቆጥር መሰለ። ሰላምታ አቀረብኩልሽ። ስለ አልጋሽ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ይሻላታል፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኩሽ። ከዚያ ከሥሯ ያዝኳት። ብዙ ትታገላለች ብዬ ነበር፤ ቶሎ ወጣች። ሥሯ ላይ እነዚያ ትንንሽ እንክብሎች ነበሩ፤ አፈሩን ከሥሯ እያራገፍኩ ወደ አንቺ መለስኩት፤ የአንቺን አፈር ይዤ መሄድ አልፈለግሁም። በቦታዋ እሬቱን ተከልኩ።

ተክሏን ይዤ ስመለስ እግሬ ከልማዱ ወደ ቤቱ ጀርባ ሊወስደኝ ነበር። አመዱ ጋ ደርሼ ነው የነቃሁት። ቆምኩ። አበባዋ ገና አልጠወለገም ነበር። ዞሬ ለዳልቻዋ ሰጠኋት። በላቻት።

ከሰዓት አባ እንድሪስ በራችን ላይ መጣ። ስለ ቀብሩ አንድም ቃል አልተናገረም። "ዘይነብ፣ አተሬ ደርሳለች፤ ደህና ደህናዋን መርጫለሁ። ከዚያ ከቀዩ ጨርቅ ትርፍ ይኖርሻል?" አለኝ። የአባትሽን ሽርጥ ቀሪ አውጥቼ በቀጭን በቀጭኑ ቀደድኩለት። ለአስካለም ቀደድኩላት። የቆርቆሮውን አፍ ያሰርሽበትን ግን አልሰጠሁም፤ እሱ ከእኔ ማሳ መሀል ባለችው፣ ከሁሉም ጥርት ባለችው አተር ላይ ነው።

አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፤ በዕድሜ ሰው ይረሳል። ግን በየክረምቱ ጎንበስ ብዬ በተርታው እሄዳለሁ። ቢጫዋን ሳገኝ ሳላመነታ እነቅላለሁ፤ ያኔ አስታውስሻለሁ። ጥርት ያለችዋን ሳገኝ አስራለሁ፤ ያኔም አስታውስሻለሁ። ሀያት ስትቆም እጇን ይዤ አወርዳታለሁ፤ ቅጠሉን ማየት አስተምራታለሁ፤ ያስተማረኝን ሰው ስም እነግራታለሁ። ዘር ለጠየቀኝም እንደ ድሮው እምቢ አልልም። እሰጣለሁ፣ በስምሽ እሰጣለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ለይቼ ነው።

እናትሽ ዘይነብ